የማኬሬቲ ሐረግ፦ «የጥንቱ ዘመን ማኦሪ» በሒስ ዓይን

የአንድ ቤተሰብ ታሪክ የሕዝብ ታሪክ የሚሆነው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። ልብ ወለድ ደራሲውም፣ ገጣሚውም፣ ጸሐፌ ተውኔቱም የሚጋፈጠው ነው። አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ በወረቀት ያሰፈረ ሁሉ ታሪክ ጻፈ አይባልም፤ ስም ደረደረ ቢባል ይቀላል። የስም ድርድር ታሪክ የሚሆነው ስሞቹ የቆሙበት መሬት፣ የተመገቡት እህል፣ የተጋቡበት ሥርዐት፣ የተዋጉበት ምክንያትና የተሸነፉበት መንገድ አብሮ ሲታይ ነው። በቅኝ አገዛዝ ሥር በወደቀ ኅብረተሰብ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ይሆናል። የቤተሰቡን ታሪክ የሚጽፈው ማን ነው? በማን ቋንቋ ነው? ለየትኛውስ አንባቢ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ የውይይት መነሻ የሚሆነን በ1938 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ የታተመው «የጥንቱ ዘመን ማኦሪ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ማኬሬቲ ፓፓኩራ ከማኦሪ እናትና ከእንግሊዛዊ አባት የተወለደች ክልስ ናት። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ እርሷ ካረፈች ስምንት ዓመት አልፏታል። በአንድ የማኦሪ ምሁር እጅ ስለ ማኦሪ ሕዝብ አኗኗር በስፋት የተጻፈ የመጀመሪያው ሥራ መሆኑ በብዙዎች ዘንድ ታምኖበታል። በዩኒቨርሲቲ የጥናት ሥራ መልክ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ከውስጥ ሲመረምሩት የአንዲት ሴት የቤተሰብ ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መጽሐፉ በዚህ ረገድ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጎደለ መመዘን ነው።

ሁለት ሐረግ

ማኬሬቲ በ1873 በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት፣ ማታታ በተባለች የባሕር ዳር መንደር ተወለደች። እናቷ ፒያ ንጋሮቱ ቴ ሪሂ ከቴ አራዋ ነገድ፣ ከቱሆራንጊ ወገን የሆነች የባላባት ልጅ ነበረች። አባቷ ዊሊያም አርተር ቶም ባለሱቅ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በዋይካቶ ጦርነት የተሰለፈ ሰው ነው። በእናቷ በኩል ያለው ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር በቃል ታሪክ ከሩቅ ደሴት ተነሥታ ወደዚያች ምድር እንደ ደረሰች የሚነገርላትን «ቴ አራዋ» የተባለች ታንኳ ያገኛል፤ የታንኳይቱን መሪ ታማቴካፑዋንና ካህኑን ንጋቶሮኢራንጊን በቅድመ አያትነት ይጠራል። በአባቷ በኩል ያለው ሐረግ ደግሞ የሰፋሪውን መርከብና ጠመንጃ ያገኛል።

የዋይካቶ ጦርነት በ1863 እና በ1864 የተካሄደ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ዘውድ ጦር የማኦሪን ንጉሣዊ እንቅስቃሴ ለመደምሰስ የዘመተበት ነው። ጦርነቱን ተከትሎ 1.2 ሚሊዮን ኤከር ያህል የዋይካቶ መሬት በሕግ ስም ተወርሷል። ይሁን እንጂ ነገሩን በገዥና በተገዥ መካከል በተሰመረ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ብቻ የሚያይ ሰው የማኬሬቲን ቤተሰብ ሊረዳው አይችልም። የቴ አራዋ ሕዝብ አብዛኛው ክፍል በዚያ ጦርነት የተሰለፈው ከመንግሥቱ ጎን ነበርና። ቅኝ አገዛዝ በነገዶች መካከል የነበረውን አሮጌ ቂም መሣሪያው ማድረጉን፣ ነገዶቹም በበኩላቸው የራሳቸውን ስሌት ይዘው መግባታቸውን ማስታወስ ያሻል። በዚህ ዓይነት የጦርነት ማግሥት የተመሠረተ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሕፃኗ እስከ ዐሥር ዓመቷ ገደማ ያደገችው በፓሬካራንጊ የገጠር መንደር፣ ከእናቷ ወገን በሆኑ አረጋውያን፣ በማራራ ማሮታዋና በማይሂ ቴ ካካው ፓራኦዋ እጅ ነው። በዚያ ቤት የሚነገረው ማኦሪኛ ብቻ ነበር። የዘር ቆጠራውን፣ የቀደሙትን ታሪክና የኑሮውን ሥርዐት ያስጠኗት እነርሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ አባቷ ትምህርቷን ተረክቦ እንግሊዝኛ እንድትማር አደረገ፤ ኔፒየር ከተማ በሚገኘው ሁካሬሬ በተባለው የማኦሪ ልጃገረዶች ትምህርት ቤትም ተማረች። ማርጋሬት የሚለው የክርስትና ስሟ በእናቷ ወገኖች አንደበት ማኬሬቲ፣ በነጮቹ ዘንድ ማጊ ሆኖ ቀረ።

በዚያን ዘመን የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ክልሶችን የሚጠራው «ግማሽ ዘር» በሚል ትርጉም ባለው ቃል ነበር። በሕዝብ ቆጠራ ጊዜ እንደ ማኦሪ የሚኖሩት ክልሶች ከማኦሪዎች ጋር፣ እንደ አውሮፓዊ የሚኖሩት ደግሞ ከአውሮፓውያን ጋር ይመዘገቡ ነበር። አስተዳደሩ ሰውን እንደ ጋሻ መሬት ለሁለት ይከፍላል፤ ከዚያም በየትኛው በኩል እንደሚያድር ተመልክቶ በመዝገብ ያሰፍረዋል። የማኦሪ የዘር ቆጠራ ግን ግማሽ አያውቅም። ከቅድመ አያት አንሥቶ እስከ ልጁ ድረስ ሰንሰለቱ ከተቆጠረ፣ ልጁ ሙሉ ተወላጅ ነው። ማኬሬቲ በሕይወቷም በመጽሐፏም የያዘችው ይህንን ነው። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ጠቅላላ አቋም ከዚህ ይመነጫል።

ጎብኚና ተጎብኚ

በ1886 ሰኔ ወር የታራዌራ ተራራ ፈንድቶ የቱሆራንጊን መንደሮች ቀበረ። ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ጎብኚዎችን ከየአህጉሩ ይስቡ የነበሩት ሮዝና ነጭ የድንጋይ እርከኖችም ጠፉ። ከሞት የተረፈው ሕዝብ በሮቶሩዋ አጠገብ ወደምትገኘው፣ ፍል ውኃ ከየቦታው ወደሚፈነዳባት ፋካሬዋሬዋ ፈለሰ። በዚያች የአደጋ ሌሊት በቤቷ ብዙዎችን አስጠልላ ያተረፈችው ሶፊያ ሂኔራንጊ ነበረች፤ እርሷም ከማኦሪ እናትና ከስኮትላንዳዊ ቀጥቃጭ የተወለደች ክልስ ናት። ለማኬሬቲ የአስጐብኚነትን ሙያ ያስተማረቻትም ይህችው ሶፊያ ነች።

ሁለቱ ታላላቅ አስጐብኚዎች ሁለቱም ክልሶች መሆናቸው አጋጣሚ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። አዲሱ የቱሪዝም ንግድ የሚፈልገው በሁለት ቋንቋ የሚናገር፣ ለባለገንዘቡ እንግዳ የማይቆረቁር፣ ግን ደግሞ በቂ «ጥንታዊነት» ያለው ሰው ነበር። መሬቱን ያጣ ሕዝብ መልኩንና ዜማውን ለገበያ እንዲያቀርብ ሲገደድ፣ በመካከል የሚቆመው ክልስ ነው። ማኬሬቲ በ1901 የእንግሊዝን አልጋ ወራሽና ባለቤቱን በፋካሬዋሬዋ አስጐብኝታለች። ፎቶግራፏ በፖስታ ካርድ ታትሞ ባሕር ተሻገረ። ፓፓኩራ የሚለው ስሟ እንኳ ከዘር የተወረሰ አይደለም፤ አንድ ጎብኚ የማኦሪ የቤተሰብ ስሟን ቢጠይቃት ዘወር ብላ በአጠገቧ የሚፈነዳውን የፓፓኩራን ፍል ውኃ አይታ እንደ ሰጠችው ይነገራል። ብዙ ትውልድ ሙሉ በቃሏ የምትቆጥር ሴት፣ ለቱሪስት ሲሆን ከእንፋሎት ውስጥ ስም ቀዳች! በዚህ መልስ ውስጥ ቀልድም አለ፣ መከላከያም አለ። እውነተኛው ሐረግ ለመንገደኛ የሚሰጥ ዕቃ አይደለምና።

በ1911 የራሷን የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። ወቅቱ የጆርጅ አምስተኛ ዘውድ መጫኛ ዓመት ነበረ፤ ቡድኑ በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ በተዘጋጀው የግዛተ አፄ በዓል ላይ ትርዒቱን አሳየ። መድረክን ሙያዬ ብሎ ለያዘ ሰው ይህ ትርዒት ብዙ ያሳስበዋል። በመንደሩ ስብሰባ ላይ እንግዳ ለመቀበል፣ ሙት ለማልቀስ፣ ጠላትን ለማስፈራራት የሚከናወነው ውዝዋዜ ቲኬት ለቆረጠ ተመልካች ሲቀርብ፣ እንቅስቃሴው ያው ሆኖ ትርጉሙ ይለወጣል። ልቅሶው የሞተ የለውም፤ ፉከራው ጠላት የለውም። ጠላት አለ ቢባል እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያጨበጭበው ነው። ሆኖም ተዋንያኑን አሻንጉሊት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ቡድኑን ያቋቋመችውና የመራችው ማኬሬቲ ራሷ ነበረች፤ አብረዋት የተጓዙትም የገዛ ወገኖቿ ነበሩ። ባህላቸውን የሚያሳዩት ሌላ ሰው አሰልፏቸው አልነበረም። ገበያው ግን የእነርሱ አልነበረም።

ማኬሬቲ በዚያው ሰሞን፣ በ1912፣ ሪቻርድ ስቴፕልስ ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ ባለርስት አግብታ በኦክስፎርድሺር፣ ኦዲንግተን በምትባል መንደር ተቀመጠች። ከትዳሩ ፍች በኋላ ኑሮዋን ወደ ኦክስፎርድ ከተማ አዛወረች። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሰው ልጅ ባህል ጥናት ተማሪ ሆና የገዛ ሕዝቧን አኗኗር በማጥናት ላይ ሳለች፣ ጽሑፏን ለፈተና ልታቀርብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራት፣ በ1930 ሚያዝያ ወር ሞተች። የተቀበረችውም በኦዲንግተን ቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው።

የመጽሐፉ ብርታት

መጽሐፉ ስለ ዝምድናና ስለ ማኅበራዊ አወቃቀር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ቤት አሠራርና ስለ ጦር መሣሪያ በየምዕራፉ ይተርካል። ላይ ላዩን ሲታይ የዘመኑ የባህል ተመራማሪዎች ከሚጽፉት የተለየ ቅርጽ የለውም። ልዩነቱ ያለው በተራኪዋ አቋም ላይ ነው። የውጭው ተመራማሪ ስለ ስኳር ድንች አተካከል ሲጽፍ «እነርሱ እንዲህ ያደርጋሉ» ይላል። ማኬሬቲ ግን በፓሬካራንጊ ከአሳዳጊዎቿ ጋር ያየችውንና የሠራችውን፣ በሌሊት ተቀምጣ የሰማችውን ነው የምታቀርበው። የመረጃ ሰጪና የተመራማሪ ድርሻ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል። በዚህም የተነሣ የውጭ ጸሐፊዎች ስለ ማኦሪ ሴቶች ኑሮና ስለ ጋብቻ ሥርዐት በቸልታ የጻፉትን ስታርም የእልህ ድምፅ አታሰማም፤ የቤቱ ባለቤት ለእንግዳው በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንደምታመለክት ሆና ታርማለች።

በተለይ ስለ ዝምድና የጻፈችው ክፍል ለቋንቋ ተመራማሪም ለደራሲም ትምህርት ይሰጣል። በማኦሪኛ የዘር ቆጠራ «ፋካፓፓ» ይባላል። ቃሉ ንብርብር አድርጎ ማኖርን፣ አንዱን በአንዱ ላይ መደርደርን ያመለክታል። እኛ «ሐረግ» ስንል ከሥር ተነሥቶ የሚሳብ፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ተክል እናስባለን። እነርሱ ደግሞ አንዱ ትውልድ በአንዱ ላይ የተነጠፈበትን ንጣፍ ያስባሉ። «ፋናው» ቤተሰብም መውለድም ነው። «ሃፑ» የጎሣ ክፍልም እርግዝናም ነው። «ኢዊ» ነገድም አጥንትም ነው። «ፌኑዋ» መሬትም የእንግዴ ልጅም ነው፤ ሕፃን ሲወለድ የእንግዴ ልጁ በወገኑ መሬት ይቀበራል። «እትብቴ የተቀበረበት» እያለ ስለ ትውልድ ቀዬው የሚናገር የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልገውም።

እነዚህ ቃላት የሚያስተምሩት ነገር አለ። በማኦሪ አስተሳሰብ የቤተሰብ ታሪክና የመሬት ይዞታ ታሪክ ሁለት ጉዳዮች አይደሉም። ይህንንም የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር አሳምሮ ያውቀው ነበር። በ1865 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የማኦሪ መሬት ፍርድ ቤት በወል የተያዘውን መሬት ወደ ግል ይዞታ መለወጥ ሲጀምር፣ ባለይዞታዎቹ በዳኛ ፊት ቆመው ዘር እንዲቆጥሩ ያስገድድ ነበር። በቅዱስ ሥርዐት የሚነገረው ሐረግ የክርክር ማስረጃ ሆነ፤ ዘሩን የቆጠረ በስሙ ተመዘገበለት፣ በስሙ የተመዘገበለትን መሬት ደግሞ ገዥው ሸመተው። እንግዲህ ማኬሬቲ ሐረጓን በመጽሐፍ ስታሰፍር፣ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ አውጥታ ወደ ቤቱ እየመለሰችው ነበር ማለት ይቻላል። በመጽሐፉ ውስጥ ሐረጉ ይግባኝ አይጠይቅበትም፤ ልጅ ያሳድግበታል፣ ምግብ ያካፍልበታል፣ ጋብቻ ይመርጥበታል።

የመጽሐፉ ዝምታ

ይሁን እንጂ ሒስ ማመስገን ብቻ አይደለም። የመጽሐፉ ታላቅ ጉድለት ዝምታው ነው። ዋናው ድርሰት ለአባቷ ለባለሱቁ ቦታ አይሰጥም። ጦርነቱ፣ የመሬት ወረራው፣ እንግሊዝኛ የተማረችበት ትምህርት ቤት፣ የፋካሬዋሬዋ ጎብኚዎች፣ የለንደን መድረክ፣ ሁሉም ከገጾቹ ውጭ ቀርተዋል። «የጥንቱ ዘመን» የሚለው ርእስ ራሱ በሩን ዘግቶባቸዋል። የማኦሪን ሕይወት አውሮፓዊ ከመምጣቱ በፊት በቆመ ሰዓት ላይ አቁሞ ያሳየናል።

አንዳንዶች ይህን ዝምታ የዘመኑ ትምህርት ውጤት ነው ሊሉ ይችላሉ። በእርግጥም የዚያን ጊዜ የባህል ጥናት የሚፈልገው «ያልተነካውን» ነበር፤ ክልሷ ራሷ የተነካው ክፍል እንደሆነች እየታወቀ፣ ያልተነካውን እንድትናገር ተጠየቀች። ሌሎች ደግሞ ዝምታው የትግል ዘዴ ነው ይላሉ። በአደባባይ ብዙ የተወራላት ሴት፣ «ግማሽ» ተብላ የተመዘገበች ሴት፣ በመጽሐፏ ሙሉ ሆና ለመቆም የአባቷን ሐረግ ትታ የእናቷን ይዛለች፤ ለገዥዎች ታሪክ አንዲት ገጽ አለመስጠት ራሱ መልስ ነው፤ የእነርሱን ታሪክ የሚጽፉ ሞልተዋል፣ ይላሉ።

እኔ ሁለተኛው አስተያየት የበለጠ እውነት ያለው ይመስለኛል፤ ግን ከዋጋ ጋር። ያ ዝምታ ክብር አስገኝቷል፤ የሚያስፈልገንን ምስክርነት ግን ነሥቶናል። በቤተ መንግሥት ሰዎችና በፍል ውኃ ዳር መንደር ሴቶች መካከል ቆማ ሁለቱንም በየቋንቋቸው የሰማች ሰው ስለ መካከሉ ሳትጽፍ ሞተች። ከእንግሊዛዊ ባለሱቅ ጋር የኖረችው እናት ምን አሰበች? አባት ልጁን ከአረጋውያኑ ሲወስዳት በዚያ ቤት ምን ተባለ? ልጅቱስ በአዲሱ ቋንቋ የመጀመሪያ ቃሏን ስትናገር ምን ተሰማት? የቅኝ አገዛዝ ታሪክ በሕግና በጦርነት ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነት ደጃፎች በኩል ወደ ቤት እንደሚገባ የምታውቀው እርሷ ነበረች። ደራሲ ይህን ሊተካው ይሞክር ይሆናል፤ ምስክሩ ግን አልፏል።

ሌላም ጉድለት አለ። ማኬሬቲ የባላባት ዘር ናት፤ የምትቆጥረውም የባላባቶችን ሐረግ ነው። በጥንቱ የማኦሪ ኅብረተሰብ ከባላባቶቹ በታች ተራው ሕዝብ፣ ከእርሱም በታች በጦርነት የተማረኩ ባሮች ነበሩ። የምርኮኛ ሐረግ ከተማረከበት ዕለት ጀምሮ ይቆረጣል፤ የሚቆጥርለትም የለም። መጽሐፉ የእነዚህን ሰዎች መኖር አይክድም፤ ነገር ግን የሚያያቸው ከአዳራሹ ከፍተኛ ወገን ተቀምጦ ነው። ቅኝ ገዥን መቃወም ከቅኝ አገዛዝ በፊት የነበረውን የመደብ ልዩነት እንዳናይ ሊያደርገን አይገባም። ያለፈውን ሥርዐት እንደ ገነት የሚስል ሥነ ጽሑፍ ለተጨቋኙ ሕዝብ ግማሽ ውለታ ብቻ ይውላል።

መጽሐፉ የማን ነው?

የመጽሐፉ የሕትመት ታሪክ ከይዘቱ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። ጽሑፉን አሰባስቦ ያሳተመው በኦክስፎርድ አብሯት የነበረው ወዳጇ ቲ. ኬ. ፔኒማን ነው። ያሳተመው ግን በራሱ ሥልጣን አይደለም፤ የቤተሰቧና የሮቶሩዋ ሽማግሌዎች ፈቃድ ተገኝቶ ነው። በዚያን ዘመን ስለ «ነባር ሕዝቦች» ከተጻፉት የዩኒቨርሲቲ ሥራዎች መካከል ስንቶቹ የተጻፈላቸውን ሕዝብ ፈቃድ ጠየቁ? ይህ ልማድ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐረጉ የወል ሀብት ስለ ሆነ፣ በስሟ ቢጻፍም የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ የባለቤትነት አቋም ነው። በሌላ በኩል ግን፣ ያላለቀን ሥራ ሌላ እጅ ሲያጠናቅረው የትኛው ቅደም ተከተል የእርሷ፣ የትኛው የአሰናጁ እንደሆነ አንባቢ ሁልጊዜ መለየት አይቻለውም። ምዕራፎቹ በክብደት አለመመጣጠናቸውም ከዚህ የመጣ ነው።

መጽሐፉ በ1986 በኒውዚላንድ እንደገና ሲታተም መግቢያውን የጻፈችው ንጋሁያ ቴ አዌኮቱኩ ናት። እርሷም የቴ አራዋ ተወላጅ ስትሆን፣ በኒውዚላንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ የማኦሪ ሴት ነች። የምርምር ርእሷ ቱሪዝም በገዛ ሕዝቧ ላይ ያስከተለው ማኅበራዊና ባህላዊ ተጽዕኖ ነበረ። ይህ ሊስተዋል የሚገባው ነው። ማኬሬቲ የኖረችበትን ግን ያልጻፈችውን ርእስ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ የመጣች የዚያው ወገን ሴት አንሥታ ጻፈችው። ንብርብሩ ቀጥሏል ማለት ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም በ2025 ለማኬሬቲ ከሞተች ከ95 ዓመት በኋላ ማዕረግ ሰጥቷታል። ዜናው ያስደስታል፤ ነገር ግን የሥራዋ ዋጋ በዚያ ዕለት የተፈጠረ አይደለም። የዘገየው መዝገቡ እንጂ ዕውቀቱ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ለከያኒው የሚተርፈው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት የሕዝብን ቅርስ ወደ መድረክና ወደ መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው በማኬሬቲ ሕይወት ውስጥ ሁለት መንገዶችን ያገኛል። አንደኛው የ1911 መንገድ ነው፤ ልብሱን፣ ዜማውንና ውዝዋዜውን ከኑሮው ነጥሎ ለሚያጨበጭብ እንግዳ ማቅረብ። ሁለተኛው የፓሬካራንጊ መንገድ ነው፤ ዜማውን ከሚዘመርበት ሥራ፣ ሥራውን ከመሬቱ፣ መሬቱን ከባለመሬቱ ሳይለዩ መናገር። የመጀመሪያው ፈጥኖ ያስደስታል፤ ፈጥኖም ይረሳል። ማኬሬቲ ሁለቱንም ሞክራለች፤ ጊዜ ያጸናላት ሁለተኛውን ነው።

ከእርሷ የሚቀጥል ጸሐፊ ግን በዚያ አይበቃውም። የእናትን ሐረግ በሙላት፣ የአባትንም ሐረግ በድፍረት መጻፍ ይጠበቅበታል፤ የባላባቱን ሐረግ ብቻ ሳይሆን ቆጣሪ ያጣውንም ምርኮኛ ማስታወስ ይኖርበታል። «የጥንቱ ዘመን ማኦሪ» ይህን ሥራ አልፈጸመውም። መሠረቱን ግን በገዛ እጁ፣ በገዛ መሬቱ ላይ ጥሏል።